ሐኪሙ ደቀ መዝሙር፤ ኢኩኦ ሐያሺ ከፈውስ ወደ ግድያ የተጓዘበት መንገድ

ሰኞ ማርች 20 ቀን 1995 ዓ.ም. ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ የቶኪዮ ከተማ ሕዝብ እንደ ልማዱ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ሥራው በሚጐርፍበት ጊዜ፣ አምስት ሰዎች በአምስት ባቡሮች ተሳፍረው በጋዜጣ የተጠቀለሉ የላስቲክ ከረጢቶችን ከእግራቸው ሥር አኖሩ። ጫፉ ተስሎ በሾለ ጃንጥላም ከረጢቶቹን ወግተው ከባቡሩ ወረዱ። ከከረጢቶቹ የፈሰሰው ሳሪን የተባለው መርዝ ነበረ፤ ይኸውም በእስትንፋስና በቆዳ ገብቶ የነርቭን ሥራ የሚያውክ፣ ትንፋሽንም የሚያቆም ነው። በዚህ አደጋ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከብዙ ዓመታት ሕመም በኋላ በ2020 ዓ.ም. ያረፉት አንዲት ሴት ሲጨመሩ የሟቾቹ ቍጥር 14 ሆነ። የተጐዱትም ከ6000 በላይ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

የመርዝ ጋዝን ለጦርነት ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ከኢጣልያ አውሮፕላኖች የወረደውን የመርዝ ጭስ የኢትዮጵያ ሕዝብ አይረሳውም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን መሣሪያ በብዛት የሚሠሩትና የሚጠቀሙበት መንግሥታት ነበሩ። በቶኪዮ የታየው መሣሪያ የተሠራው፣ ዮጋና የመንፈስ ልምምድ በማስተማር በተጀመረ፣ ኦም ሺንሪኪዮ በሚባል የእምነት ማኅበር ውስጥ ነው። መርዙን ከበተኑት ከአምስቱ ሰዎች አንዱ ኢኩኦ ሐያሺ ይባላል። ዕድሜው 48፣ ሥራው የልብ ሕክምና ነበር።

ሰውን ለማዳን የተማረ እጅ ሰውን ለመግደል እንዴት ተዘረጋ? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሦስት መልሶች ይሰጣሉ። አንዳንዶች አብዶ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶች ተታሎ ነው ይላሉ፤ ሌሎችም ሃይማኖት በባሕርዩ ሰውን ወዲህ ያደርሰዋል ይላሉ። የመጀመሪያው መልስ አያስኬድም፤ ሐያሺ በፍርድ ቤት ቀርቦ የሠራውን ሁሉ በቅደም ተከተል ያስረዳ፣ አእምሮው የተስተካከለ ሰው ነው። ሁለተኛው ከፊል እውነት አለው፤ ይሁንና በከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያወቀው ሐኪሙ ራሱ ስለ ሆነ፣ ማታለል ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። ሦስተኛው ደግሞ እጅግ የሰፋ ነው፤ በምድር ላይ ስፍር ቍጥር የሌላቸው መናኞች ሲኖሩ መርዝ የጠመቁት ጥቂቶች ናቸውና። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መልሱ የሚገኘው የማኅበሩንና የሰውየውን ታሪክ ጐን ለጐን በመከተል ነው።

የዘመኑ ሁኔታ

ከ1945 ዓ.ም. በፊት የጃፓን መንግሥት ሃይማኖትን በጥብቅ ይቈጣጠር ነበር። በ1925 የወጣው የጸጥታ ማስከበሪያ ሕግ በመጀመሪያ በኮሙኒስቶች ላይ ያነጣጠረ ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ ለሃይማኖት ማኅበራትም ተረፈ። ኦሞቶ የሚባለው ማኅበር በ1921 እና በ1935 ሁለት ጊዜ ተመታ፤ በሁለተኛው ጊዜ መቅደሶቹ በድማሚት ፈረሱ። በአንጻሩም የሃይማኖት ደቀ መዛሙርት ወደ ፖለቲካ ግድያ የገቡበት ጊዜ ነበረ። በ1932 ኒሾ ኢኖዌ የተባለ የኒቺረን ቡድሂዝም ሰባኪ ያሰባሰባቸው ወጣቶች፣ እያንዳንዱ አንድ ሰው ሊገድል ተማምለው፣ በፌብሩዋሪ ወር አንድ የቀድሞ የገንዘብ ሚኒስትር፣ በማርች ወር ደግሞ የታላቁን የሚትሱዊ ኩባንያ ዋና ሹም በጥይት ገደሉ። እንግዲህ በኋላ በኦም የታየው፣ በጃፓን ታሪክ ፈጽሞ ቀዳሚ የሌለው ነገር አይደለም።

ከጦርነቱ ሽንፈት በኋላ የወጣው የ1947 ሕገ መንግሥት የሃይማኖትን ነጻነት አረጋገጠ፤ በ1951 የወጣውም የሃይማኖት ድርጅቶች ሕግ ለማኅበራቱ የሕግ ሰውነትና ከግብር ነጻ የመሆን መብት ሰጣቸው። ፖሊሶችና ሹማምንት ያለፈውን ዘመን ግፍ እያስታወሱ በሃይማኖት ቤት ውስጥ እጃቸውን ከማስገባት መቈጠብን ተማሩ። ይህ መቈጠብ በራሱ መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ በኋላ እንደሚታየው፣ ወንጀል በእምነት ልብስ ተሸፍኖ ሲመጣ ለመለየት አዘገያቸው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት ጃፓን በሀብት ከዓለም ታላላቅ መንግሥታት ተርታ ተሰለፈች። ወጣቱ ከትምህርት ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኩባንያ በተቀየሰለት መንገድ ይጓዝ ነበር። ሆኖም ከምግብና ከልብስ አልፎ የሕይወት ትርጕም ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ቦታ እየጠበበ ሄደ። በ1973 ስለ ኖስትራዳሙስ ትንቢት የታተመ መጽሐፍ እጅግ ብዙ አንባቢ በማግኘቱ፣ ዓለም በ1999 ትጠፋለች የሚለው ወሬ በወጣቶች ዘንድ ተሠራጨ። አዳዲስ የእምነት ማኅበራትም በየቦታው ፈሉ።

መምህሩ

የኦም መሥራች በዓለም ስሙ ቺዙኦ ማትሱሞቶ ይባላል፤ በ1955 በደቡብ ጃፓን በኩማሞቶ አውራጃ ከድኻ የሰሌን ምንጣፍ ሠሪ ቤተ ሰብ ተወለደ። አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ሁለተኛውም የደከመ ስለ ነበረ በልጅነቱ ለዓይነ ስውሮች አዳሪ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ካደገ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በመርፌ መውጋት የሚደረገውን የምሥራቅ ሕክምና ሥራው አደረገ። በ1982 ያለ ፈቃድ መድኀኒት በመሸጥ ተይዞ መቀጫ ከፈለ። አጎንሹ በሚባል የእምነት ማኅበር ውስጥ ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ በ1984 በቶኪዮ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1987 ትምህርት ቤቱን ኦም ሺንሪኪዮ አለው፤ ራሱንም ሾኮ አሳሃራ ብሎ ሰየመ።

ትምህርቱ ከሂንዱ ዮጋ፣ ከቲቤት ቡድሂዝምና ከዮሐንስ ራእይ የተቀላቀለ ነበር። ዓለም በቅርቡ በአርማጌዶን ጦርነት ትጠፋለች፤ የሚድኑት በመምህሩ እጅ የሠለጠኑት ናቸው፤ እነርሱም አዲስ መንግሥት ያቆማሉ ይል ነበር። ደቀ መዛሙርቱ በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ በቤታቸው የሚኖሩ ምእመናንና ዓለምን ትተው የሚገቡ መናኞች። መናኙ ገንዘቡን ለማኅበሩ አስረክቦ፣ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ፣ አዲስ ስም ተቀብሎ፣ ጥቂት እየተኛና ጥቂት እየበላ ይኖራል። በ1995 ማኅበሩ በጃፓን ብቻ 10000 ያህል ተከታዮች ነበሩት፤ ከእነዚህም ከ1000 በላይ የሚሆኑት መናኞች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ምናኔ፣ ጾም፣ ለአባት መታዘዝና የስም ለውጥ በብዙ ጥንታዊ ሃይማኖቶች የታወቁ ሥርዓቶች ናቸው። በእነዚያ ሃይማኖቶች ግን አባቱ ራሱ ከእርሱ በላይ ለሆነ ሕግ፣ ለቀኖናና ለማኅበር ይታዘዛል፤ መናኙም አባቱ ከሕግ ሲወጣ ይግባኝ የሚልበት አለው። በኦም ግን ከመምህሩ በላይ ሕግ አልነበረም። የተከታዩን የአንጐል ሞገድ ከመምህሩ ጋር ያስማማል ተብሎ በራስ ላይ የሚደፋ የኤሌክትሪክ ቆብ እንኳ ተሠርቶ ነበር። የተለየው ነገር እንግዲህ ታዛዥነቱ አይደለም፤ ታዛዥነቱ ወሰን ማጣቱ ነው።

ሐኪሙ

ኢኩኦ ሐያሺ በ1947 ከሐኪም ቤተ ሰብ ተወለደ። በኬኢኦ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ የልብና የደም ሥር ሐኪም ሆነ፤ በአሜሪካ አገርም በሙያው ሠርቷል። ወደ አገሩ ተመልሶ በኢባራኪ አውራጃ በቶካይ መንደር በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል የልብና የደም ሥር ክፍል ሹም ሆነ። ክብርም፣ ደመወዝም፣ ትዳርም አልጐደለበትም።

የጐደለው ሌላ ነበር። በሽተኞቹ በፊቱ ሲሞቱ የሕክምና ጥበብ ሥቃዩን ሊያስታግሥ፣ ዕድሜውንም ሊያራዝም ቢችል እንጂ፣ ሰው ለምን እንደሚሞትና ከሞት በኋላ ምን እንደሚሆን ሊነግረው አልቻለም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ከሐኪሞች መካከል የተሻሉት የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። የአሳሃራን መጻሕፍት ባነበበ ጊዜ፣ የፈለገውን መልስ በእርግጠኝነት የሚነግር ሰው ያገኘ መሰለው። በ1989 የማኅበሩ አባል ሆነ፤ በ1990 ሥራውን ትቶ መነነ። ማኅበሩ በቶኪዮ በናካኖ ሰፈር ላቋቋመው ሕክምና ቤትም ኀላፊ ሆኖ ተሾመ።

ሐያሺ በዚህ መንገድ ብቻውን አልነበረም። ሳሪኑን የሠራው በጽኩባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪን ትምህርት በከፍተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ነው። ከእርሱ ጋር መርዙን ከበተኑት ከአራቱ ሰዎች አንዱ በዋሴዳ፣ ሌላው በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ያጠኑ ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱም የቴክኒክና የሳይንስ ትምህርት የነበራቸው ናቸው። ማኅበሩን ያገለገሉት መሃይማን ቢሆኑ ኖሮ መርዙ ባልተሠራም ነበር።

ከምርጫ ወደ ጦርነት

ማኅበሩ ከሐያሺ ምናኔ በፊት እጁን በደም አርሶ ነበር። በ1989 መጀመሪያ ላይ ማኅበሩን ሊለቅ የፈለገ አንድ ተከታይ ተገደለ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ የተከታዮችን ወላጆች ወክሎ ማኅበሩን የሚከራከረው ጠበቃ ጽጹሚ ሳካሞቶ ከሚስቱና አንድ ዓመት ጥቂት ካለፈው ሕፃን ልጁ ጋር በሌሊት በቤቱ ተገደለ። ገዳዮቹ የማኅበሩን ምልክት በቤቱ ጥለው ሄደዋል፤ ይሁንና ፖሊስ ነገሩን እስከ መጨረሻው አልተከታተለም፤ ሬሳዎቹም የተገኙት በ1995 ነው። እነዚህ ግድያዎች ለአብዛኞቹ ተከታዮች የተሰወሩ ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 1990 አሳሃራ ከ24 ተከታዮቹ ጋር ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ቀረበ። እጩዎቹ የመምህራቸውን ፊት የሚመስል ጭምብል አጥልቀው፣ እየዘፈኑና እየጨፈሩ በየመንገዱ ሕዝቡን ቀሰቀሱ። ሁሉም ወደቁ፤ አሳሃራ ራሱ ያገኘው ድምፅ 1783 ብቻ ነበር። ይህ ውርደት በማኅበሩ ታሪክ ትልቅ መታጠፊያ ሆነ። አሳሃራ መንግሥት ድምፁን ሰርቆታል አለ፤ ዓለም በትምህርት ልትድን የማትችል መሆኗንም ሰበከ። በዚያው ዓመት የባክቴሪያ መርዝ ለመሥራት ተሞከረ፤ በ1993 ደግሞ በቶኪዮ ከተማ ውስጥ የአንትራክስን ዘር ለመበተን ተሞከረ፤ ሁለቱም አልሠሩም። ከሩሲያ ሄሊኮፕተር ተገዛ፤ ጠመንጃ ለመሥራትም ተጀመረ። በፉጂ ተራራ ግርጌ በካሚኩኢሺኪ መንደር፣ 70 ቶን ሳሪን ለማምረት የታሰበ ፋብሪካ ተቋቋመ።

በ1994 ማኅበሩ እንደ መንግሥት ሚኒስቴሮች አቋቋመ፤ የሳይንስና የቴክኒክ፣ የመከላከያ፣ የገንዘብ፣ የጤናም ሚኒስትሮች ተሾሙ። ሐያሺ የሕክምና ሚኒስትር ተባለ። ይህ ለውጭ ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ ለውስጥ ሰው ግን ታላቅ ትርጕም ነበረው። ለመንግሥት የሚፈቀደውና ለግለሰብ የሚከለከለው ነገር ልዩ ልዩ ነው፤ መንግሥት ወታደር ያዘምታል፣ ጠላትን ይገድላል፣ ምስጢሩንም ይጠብቃል። ማኅበሩ ራሱን መንግሥት ነኝ ባለ ጊዜ፣ ግድያው በተከታዮቹ ዓይን ወንጀልነቱ ቀርቶ የዘመቻ ግዳጅ ሆነ። የእምነቱ ጕዳይ የፖለቲካ ጕዳይ የሆነው በዚህ ነው።

ለዚህም የሃይማኖት ምክንያት ተበጀለት። በቲቤት ቡድሂዝም ፖዋ የሚባለው ሥርዓት፣ የሚሞተውን ሰው ነፍስ ወደ ተሻለ ሥፍራ ለመሸኘት የሚደረግ ነው። አሳሃራ ትርጕሙን ገለበጠው፤ ክፉ ሥራ እየሠራ የሚኖረውን ሰው ከእርሱ የበለጠ መንፈስ ያለው ሰው ቢገድለው፣ ኀጢአቱን እንዳያበዛ ስለሚያደርገው ምሕረት ነው ብሎ አስተማረ። በዚህ ትምህርት ገዳዩ ባለ ውለታ፣ ሟቹም የተረዳ ሰው ሆነ።

በጁን 27 ቀን 1994 ማታ በማትሱሞቶ ከተማ ሳሪን ተበተነ፤ የታለመው ማኅበሩ በገባበት የመሬት ክርክር ሊፈርዱ በተቀመጡ ዳኞች ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ስምንተኛዋ ሟች በ2008 አረፉ። ፖሊስና ጋዜጦች ያለ ማስረጃ የጠረጠሩትም አደጋውን መጀመሪያ የነገረውን ሰው፣ የስምንተኛዋን ሟች ባለቤት፣ ነበር።

በትንንሹ የተሄደ መንገድ

ሐያሺ ከመጀመሪያው ቀን መርዝ በትን ቢባል እንቢ ባለ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። በመጀመሪያ ያደረገው የመናኞችን ሕመም ማከም ነው። ቀጥሎም በጸሎትና በተመስጦ ሥርዓት ስም፣ ተከታዮች መንፈሳዊ ራእይ እንዲያዩ አእምሮን የሚለውጡ መድኀኒቶች ሲሰጣቸው የሐኪሙ እጅ አስፈለገ። ከዚያ በኋላ ያው መድኀኒት ለምርመራ ዋለ፤ የተጠረጠረው ተከታይ በማደንዘዣ መርፌ ከፊል ተኝቶ ምስጢሩን እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። ከዚህም ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኀይል የሰውን ትዝታ ማጥፋት መጣ። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው በጥቂቱ ብቻ ይርቃል፤ ያለፈውን የፈጸመ ሰውም የሚቀጥለውን እንቢ ለማለት፣ መጀመሪያ ያለፈው ስሕተት እንደ ነበረ ማመን አለበት። ሁሉን ትቶ ለመነነ ሰው ይህ እጅግ ከባድ ነው፤ ስሕተቱን ካመነ የተወው ቤት፣ ሙያና ስም ሁሉ በከንቱ የተተወ ይሆናልና።

በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ማኅበሩ አንድ ሽማግሌ የሕግ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በቶኪዮ መንገድ ላይ ጠልፎ ወሰደ። ምክንያቱ እኅታቸው ከነሀብታቸው ከማኅበሩ ለማምለጥ መሞከራቸው ነው። የተሰወሩበትን ቦታ እንዲናገሩ የማደንዘዣ መድኀኒት ተሰጣቸው፤ መድኀኒቱን ከሰጡት አንዱ ሐያሺ ነበር። ሰውየው በማግሥቱ ሞቱ። ለጠለፋው የዋለውን መኪና የተከራየው ተከታይ የጣት አሻራው ስለ ታወቀ፣ ሐያሺ የጣቶቹን ቆዳ በቀዶ ሕክምና አነሣለት። ልብን ለማዳን የሠለጠነ ምላጭ አሻራ ለማጥፋት ዋለ። ሐኪሙ ገና መርዝ አልበተነም፤ ነገር ግን ከሐኪምነቱ የቀረው የእጁ ብልሃት ብቻ ነበር።

የማርች 20 ቀን

ማኅበሩ የፖሊስ ፍተሻ መቃረቡን ሰማ። አሳሃራና ሹማምንቱ ፍተሻውን ለማደናቀፍ በቶኪዮ መካከል ሽብር ለማንሣት ወሰኑ። የተመረጠው ቦታ ሦስት የባቡር መስመሮች የሚገናኙበት የካሱሚጋሴኪ ጣቢያ ነበር፤ በዚህ ሰፈር የፖሊስ ጠቅላይ መሥሪያ ቤትና ብዙ ሚኒስቴሮች ይገኛሉ። እንግዲህ ሰለባዎቹ ያገኘ ያገኛቸው ተሳፋሪዎች ቢሆኑም የታለመው መንግሥት ነበር። በችኰላ የተሠራው ሳሪን ንጹሕ አልነበረም፤ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ የሟቾቹ ቍጥር እጅግ በበዛ ነበር። መርዙ በ11 ከረጢቶች ተከፍሎ ለአምስቱ ሰዎች ታደለ። መርዙ ቢነካቸው የሚወጉትን የማርከሻ መርፌ ያደላቸው ሐያሺ ነው። በዚያ ጧት የሐኪሙ ጥንቃቄ ለገዳዮቹ ብቻ ተረፈ።

ሐያሺ በቺዮዳ መስመር ተሳፈረ፤ በአፉና በአፍንጫው ላይ ጃፓኖች ጕንፋን ሲይዛቸው የሚያደርጉትን ጭምብል አድርጎ ነበር። በኋላ በፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ በዙሪያው የተቀመጡትን ሰዎች ባየ ጊዜ የሰው ሕይወት ለማዳን የሠራ ሐኪም መሆኑን አስታውሶ አመነታ። ይሁን እንጂ ትእዛዙ በለጠበት። በሺን ኦቻኖሚዙ ጣቢያ አቅራቢያ ከሁለቱ ከረጢቶች አንዱን ወግቶ ወረደ። ባቡሩ ካሱሚጋሴኪ ሲደርስ የጣቢያው ሠራተኞች የፈሰሰውን ነገር ከባቡሩ አወጡ፤ ከእነርሱም ሁለቱ፣ አንደኛው የጣቢያው ምክትል ሹም፣ ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ስለ ነፍስ መዳን የረቀቀ ትምህርት አልተማሩም፤ የተሳፋሪውን መንገድ ማጽዳት ሥራቸው ስለ ነበረ አደረጉት።

ኑዛዜና ፍርድ

በማርች 22 ቀን ከ2000 የሚበልጡ ፖሊሶች የማኅበሩን ቤቶች ፈተሹ፤ ጭምብል አጥልቀው፣ መርዝ ቢኖር ቀድማ የምትሞት ወፍ በቀፎ ይዘው ነበር። ሐያሺ ሸሽቶ በኤፕሪል 8 ቀን በኢሺካዋ አውራጃ ተያዘ። የተያዘው በሌላ ቀላል ጥፋት ነው፤ በባቡሩ አደጋ እጁ እንዳለበት መርማሪዎቹ ገና አላወቁም ነበር። በሜይ ወር ግን ሳሪኑን የበተንሁ እኔ ነኝ ብሎ ራሱ ተናገረ፤ ከእርሱ ጋር የነበሩትንም አስታወቀ። ይህ ቃል ለምርመራው በር ከፈተ፤ አሳሃራም በሜይ 16 ቀን በካሚኩኢሺኪ በአንድ ቤት ውስጥ ከተሠራ ስውር ቦታ ተይዞ ወጣ።

በፍርድ ቤት ሐያሺ እያለቀሰ ሟቾቹንና ቤተ ሰቦቻቸውን ይቅርታ ጠየቀ፤ በመምህሩም ላይ መሰከረ። ዐቃቤ ሕጉ በኑዛዜውና በጸጸቱ ምክንያት የሞት ቅጣት አልጠየቀበትም፤ በሜይ 26 ቀን 1998 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። የቀሩት አራቱ መርዝ በታኞች በሞት ተቀጡ። አሳሃራ በ2004 ሞት ተፈርዶበት ከስድስት ተከታዮቹ ጋር በጁላይ 6 ቀን 2018 ተሰቀለ፤ አራቱ መርዝ በታኞች ከሌሎች ሁለት ጋር በዚያው ወር 26 ቀን ተሰቀሉ። ሳሪን በባቡር ውስጥ ከበተኑት ከአምስቱ መካከል ከስቅላት የተረፈው ሐያሺ ብቻ ነው።

የሐያሺ ኑዛዜ አንድ ነገር ያስረዳል። ሕሊናው በምናኔው ዘመን ሞቶ ነበር ማለት አይቻልም፤ የሞተ ነገር በአንድ ወር እስራት አይነሣምና። ሕሊናው ለሌላ ሰው በዐደራ ተሰጥቶ ነበር ማለት ይቀላል። ዐደራ ተቀባዩ በራቀ ጊዜ ባለቤቱ መልሶ አገኘው፤ ግን ሰዎቹ ከሞቱ በኋላ።

የምሁራን ድርሻ

ይህ ታሪክ ለሃይማኖትና ለማኅበረ ሰብ ተመራማሪዎች ሁሉ የሚመለከት ሌላ ገጽ አለው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1995 አንድ ታላቅ ጋዜጣ በካሚኩኢሺኪ አካባቢ የሳሪን ዝቃጭ መገኘቱን አወጣ። ማኅበሩም ነገሩን ለማስተባበል አንድ የታወቀ የሃይማኖት ጥናት መምህር ጋብዞ የተጠረጠረውን ቤት አሳየው። ከፋብሪካው ፊት ለፊት ትልቅ የአምላክ ምስል ቆሞ የመርዙን መሣሪያ ጋርዶ ነበር። መምህሩ ምስሉን አይቶ ቤቱ የአምልኮ ቤት ነው ብሎ መሰከረ፤ ከማርች 20 በኋላም የማስተማር ሥራውን አጣ። ከአሜሪካም ጥቂት ተመራማሪዎች በማኅበሩ ወጪ ወደ ጃፓን ሄደው፣ መርማሪዎቹ የሃይማኖትን ነጻነት እንዳይጥሱ አሳሰቡ።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ያስጨነቃቸው እውነተኛ ነገር ነበር፤ አዲስ እምነት ሁሉ በጥርጣሬ መታየቱ፣ የኦሞቶ መቅደስ በድማሚት መፍረሱ፣ የትናንቱ ግፍ እንዳይደገም መሥጋት። ስሕተታቸው ለእምነት የሚሰጠውን አክብሮት ለመካድ ማስረጃ ለሚቀርብበት ድርጊት ጭምር መስጠታቸው ነው። ተመራማሪ የሚያጠናው ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረውን በጥሞና ሊሰማ ይገባዋል፤ የተነገረውንም ከተደረገው ጋር ማስተያየት ግዴታው ነው። የእንግዳ ተቀባይ ቤት ደግሞ የሚታየው በሳሎኑ በኩል መሆኑን ማስታወስ አለበት።

የጃፓን መንግሥት ከነገሩ በኋላ ያደረገው በጥንቃቄ የተመዘነ ነበር። በ1995 መጨረሻ የ1951ዱ ሕግ ተሻሻለ፤ ኦምም የሕግ ሰውነቱን አጣ። ማኅበሩን ፈጽሞ ለማፍረስ የ1952ቱ የአመፅ መከላከያ ሕግ እንዲሠራበት የቀረበው ጥያቄ ግን በጃንዋሪ 1997 በሚመለከተው ኮሚሲዮን ተቀባይነት አላገኘም። በዚህ ፈንታ በ1999 ማኅበሩ በቍጥጥር ሥር እንዲኖር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ተከታዮቹ በ2000 አሌፍ በሚል ስም ቀጠሉ፤ በ2007 ከእነርሱ ተለይቶ ሂካሪ ኖ ዋ የሚባል ማኅበር ወጣ። መንግሥቱ እምነቱን ሳይከለክል ድርጊቱን ለመጠበቅ መምረጡ፣ ከ1935ቱም ከ1989ኙም ስሕተት የተማረ መሆኑን ያሳያል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ተከታዩ ወደ ግድያ የደረሰው ጥያቄው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለጥያቄው የተሰጠውን መልስ ዳግመኛ መጠየቅ ስለ ተወ ነው። ሁለተኛ፣ የእምነት ማኅበር ወደ ፖለቲካ ኀይል የሚያመራው ትንቢቱ ብቻ ስላስገደደው አይደለም፤ በሕዝብ ፊት መሸነፉን መቀበል ሲያቅተው፣ ራሱን መንግሥት አድርጎ ሲሾምና ጠላት ሲያበጅ ነው። ሦስተኛም፣ ትምህርት ብቻውን ሰውን ከዚህ አይጠብቅም። ዩኒቨርሲቲው ለሐያሺና ለጓደኞቹ የሰጣቸው ዕውቀት እውነተኛ ነበር፤ መርዙ የሠራውም ዕውቀቱ እውነተኛ ስለ ነበረ ነው። በባቡሩ ውስጥ ያመነታባት ያች አፍታ ግን፣ ሐኪም መሆኑ ከእርሱ ፈጽሞ አለመጥፋቱን ታሳያለች። የጐደለው፣ ያችን አፍታ ከትእዛዝ በላይ አድርጎ የመያዝ ልማድ ነበር፤ ይህም ልማድ በምስክር ወረቀት አይገኝም፤ በየዕለቱ በትንሹ ነገር እንቢ ማለትን በመለማመድ እንጂ።